ኬ2-18ቢ እና የ«99.7 በመቶ» ጥያቄ፦ ከምድር ውጭ ሕይወት ፍለጋ ላይ እርግጠኝነት የሚጎድለው የት ነው?

በኤፕሪል 2025 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ከምድር 124 የብርሃን ዓመት ስለምትርቀው ኬ2-18ቢ የተባለች ፕላኔት አንድ ግኝት ይፋ አደረጉ። በከባቢ አየሯ ውስጥ፣ እዚህ ምድር ላይ በዋናነት ሕይወት ያላቸው ነገሮች የሚያመነጩትን ጋዝ የሚመስል ምልክት አይተናል አሉ። የምልክቱን ጥንካሬ «ሦስት ሲግማ» ብለው ገለጹት፤ በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ 0.3 በመቶ ነው ማለት ነው። ዜናው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቁጥሩ ተገለበጠና «በሌላ ፕላኔት ሕይወት መኖሩ በ99.7 በመቶ ተረጋገጠ» ሆነ። ሳምንታት ቆይቶ ሌሎች ባለሙያዎች ያንኑ መረጃ መርምረው አሳማኝ ማስረጃ አላገኘንበትም ሲሉ ደግሞ «ለካ ውሸት ነበር» ተባለ።

ሁለቱም አባባሎች ከመረጃው ጋር አይገጥሙም። የካምብሪጅ ቡድን ሕይወት መኖሩን አላረጋገጠም፤ ተቺዎቹም ጋዙ አለመኖሩን አላረጋገጡም። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ቦታ ግን «ማን ያውቃል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እርግጠኝነት የሚጎድልባቸው ነጥቦች አንድ በአንድ ሊጠቆሙ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹም በቁጥር ይለካሉ። ዋናው ክፍተት ያለው ደግሞ ቁጥሩ ጨርሶ በማይለካው በኩል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴሌስኮፑ በትክክል ያየው ምንድን ነው?

ኬ2-18ቢ የተገኘችው በ2015 በኬፕለር የጠፈር ቴሌስኮፕ ነው። ክብደቷ የምድርን 8.6 እጥፍ፣ ሬዲየሷ 2.6 እጥፍ ያህላል። የምትዞረው ከፀሐይ ያነሰና የቀዘቀዘ ቀይ ድንክ ኮከብን ሲሆን አንዱን ዙር በ33 ቀን ገደማ ትጨርሳለች። ከምድር የሚበልጥ ከኔፕቲዩን የሚያንስ እንዲህ ያለ ፕላኔት በእኛ የፀሐይ ሥርዓት ውስጥ የለም። ስለዚህ የውስጥ አሠራሯን ስንገምት ቀርበን ያጠናነው ማነጻጸሪያ የለንም።

ብዙ ሰው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የፕላኔቷን ፎቶ ያነሳ ይመስለዋል። አላነሳም። ፕላኔቷ በኮከቧና በእኛ መካከል ስታልፍ የኮከቡን ብርሃን 0.3 በመቶ ያህል ትጋርዳለች፤ ይህ ማለፍ ትራንዚት ይባላል። በዚያን ጊዜ ከብርሃኑ እጅግ ጥቂቱ የፕላኔቷን ከባቢ አየር ሰንጥቆ ወደ እኛ ይመጣል። እያንዳንዱ ጋዝ የራሱን የሞገድ ርዝመቶች እየመረጠ ብርሃን ስለሚመጥጥ፣ በእነዚያ ርዝመቶች ስትታይ ፕላኔቷ በመጠኑ ገዘፍ ያለች ትመስላለች። ብርሃኑ በሞገድ ርዝመት ተዘርዝሮ ሲቀመጥ የሚገኘው ሥዕል ስፔክትረም ይባላል፤ ተመራማሪዎች ጋዞችን የሚያነቡት ከእሱ ነው። ለኬ2-18ቢ የሚፈለገው ልዩነት ከኮከቡ ጠቅላላ ብርሃን ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት አሥሮች ክፍል ብቻ ነው።

የዚህች ፕላኔት ስፔክትረም ከዚህ ቀደምም አሳስቷል። በ2019 ሁለት ቡድኖች በሃብል ቴሌስኮፕ መረጃ ላይ ተመሥርተው የውሃ ተን ተገኘ አሉ። ሃብል ያየው ከ1.1 እስከ 1.7 ማይክሮሜትር ያለውን ጠባብ ክልል ነበር፤ በ1.4 ማይክሮሜትር አካባቢ ደግሞ የውሃ ተንና ሚቴን የሚመጥጡት ብርሃን ይደራረባል። ጄምስ ዌብ በ2023 ከ0.8 እስከ 5 ማይክሮሜትር ሲያይ ጎልቶ የወጣው ሚቴን ሆነ። ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብሮ ታየ። ሃብል አልተበላሸም፤ ተንታኞቹም አላጭበረበሩም። ሁለት ጋዞችን ለመለየት የማይበቃ ጠባብ መስኮት ነበር ያላቸው።

የ2025ቱ ዜና የመጣው ሚሪ ከተባለው የቴሌስኮፑ ሌላ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ከ6 እስከ 12 ማይክሮሜትር ባለው ክልል አንድ ትራንዚት ብቻ ተከታተለ። ቡድኑ ስፔክትረሙን ሲተነትን ዳይሜቲል ሰልፋይድ ወይም ዘመዱ ዳይሜቲል ዳይሰልፋይድ ወይም ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ አለ፤ በዚያ ክልል ሁለቱን መለየት አልተቻለም። ዳይሜቲል ሰልፋይድን በምድር ላይ በብዛት እንዲገኝ የሚያደርጉት ፋይቶፕላንክተን የሚባሉት ጥቃቅን የባሕር ተክል መሰል ሕዋሳት ናቸው። በእኛ አየር ውስጥ ያለው መጠን ከቢሊዮን አንድ ክፍል ያንሳል። በኬ2-18ቢ የተገመተው ግን ከሚሊዮን 10 ክፍል በላይ ነው፤ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል።

ሲግማ የሚለው እና የማይለው

ሦስት ሲግማ ማለት፣ እውነተኛ ምልክት ባይኖርና የመለኪያው መዋዠቅ ብቻ ቢሆን፣ ይህን ያህል የጎላ ነገር የሚታየው ከ370 ጊዜ አንዴ ገደማ ነው ማለት ነው። ግኝት ለማወጅ በልማድ የሚጠበቀው አምስት ሲግማ ነው፤ እሱ ከ1.7 ሚሊዮን አንዴ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የሚነግሩን «ምልክት ባይኖር ይህን መረጃ የማየት ዕድል» ነው። ሕዝብ ማወቅ የሚፈልገው ደግሞ «ይህን መረጃ ካየን ምልክቱ እውነተኛ የመሆን ዕድል» ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ልዩነቱ በሒሳብ ሲታይ ይገለጣል። ለማስረዳት ብቻ እንዲህ እናስብ፦ 100,000 ፕላኔቶች ተመረመሩ፤ ጋዙ በእውነት ያለው ከሺህ በአንዱ፣ ማለትም በ100ዎቹ ላይ ነው። ምርመራው መቶውንም ሳይስት አገኛቸው እንበል። ጋዙ ከሌለባቸው 99,900 ፕላኔቶች ላይ ደግሞ በሦስት ሲግማ ደረጃ 270 የሚሆኑት በመዋዠቅ ብቻ «አለ» ያሰኛሉ። በጠቅላላው 370 የምሥራች ይሰማል፤ እውነቱ 100 ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የሦስት ሲግማ ዜና ትክክል የመሆን ዕድሉ 27 በመቶ ይሆናል እንጂ 99.7 አይሆንም። ጋዙ ከአሥር ፕላኔት በአንዱ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ መልሱ ወደ 98 በመቶ ይጠጋ ነበር። ውጤቱን የሚወስነው አስቀድሞ ያለው ግምት ነው፤ ለሕይወት ደግሞ ያንን ግምት የሚሰጠን ምሳሌ አንድ ምድር ብቻ ናት።

ሌላ የባሰ ችግር አለ። በዚህ ሙያ ሲግማ የሚሰላው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሞዴሎችን በማወዳደር ነው፦ ጋዙ ያለበት ከባቢ አየር እና ጋዙ የሌለበት። ቁጥሩ የሚናገረው የመጀመሪያው ከሁለተኛው ምን ያህል እንደሚሻል ነው። በውድድሩ ውስጥ ያልገባ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ መቶኛ እጩ ቢኖር ቁጥሩ ስለ እሱ ዝም ይላል።

ክርክሩ የተነሳውም ከዚህ ነው። የኦክስፎርዱ ጄክ ቴይለር የሚሪን ስፔክትረም ከየትኛውም የጋዝ ሞዴል ጋር ከማስተካከሉ በፊት «ቀጥ ያለ መስመር አይበቃውም ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ መረጃው ከቀጥታ መስመር ጋር እንደሚስማማም አገኘ። የአሪዞናው ሉዊስ ዌልባንክስና ባልደረቦቹ 90 ሞለኪውሎችን ለውድድር አቀረቡ፤ ፕሮፓይንን የመሰሉ ሌሎች ሃይድሮካርቦኖችም መረጃውን ከዳይሜቲል ሰልፋይድ ባልተናነሰ ሁኔታ ገለጹት። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ራፋኤል ሉኬና ቡድኑ የሁለቱን ዓመታት የጄምስ ዌብ መረጃ አንድ ላይ አድርገው ሲተነትኑ በስታቲስቲክስ የሚያሳምን የዳይሜቲል ሰልፋይድ ማስረጃ አላገኙም። የካምብሪጅ ቡድን በበኩሉ 650 ሞለኪውሎችን ፈትሾ፣ ዳይሜቲል ሰልፋይድ አሁንም ከተሻሉት ጥቂት እጩዎች አንዱ እንደሆነ፣ ሌሎችም አብረውት እንዳሉ አሳየ። ይህ መልስ መነበብ ያለበት እንደ ሽንፈት ሳይሆን እንደ ጥሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን «ከ650 አንዱ እጩ» እና «በ99.7 በመቶ የተረጋገጠ» መካከል ያለውን ርቀት ልብ ይሏል።

ለካምብሪጆቹ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ኒኩ ማዱሱዳን የሚመሩት ቡድን በጥናቱም በመግለጫውም ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ተናግሯል፤ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ተጨማሪ ምልከታ አምስት ሲግማ ለመድረስ ሊበቃ እንደሚችልም ገምቷል። ስሌቱ ምክንያታዊ ነው። መዋዠቅ የሚቀንሰው በምልከታው ብዛት ካሬ ሥር ልክ ስለሆነ፣ ከሦስት ወደ አምስት ለመውጣት የመረጃው መጠን 2.8 እጥፍ መሆን አለበት፤ በአንድ ትራንዚት ላይ ሁለት መጨመር ማለት ነው። ሆኖም ፕላኔቷ ያለችው ቴሌስኮፑ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜውም ለ50 ቀን ገደማ ብቻ ሊያየው በሚችለው የሰማይ ክፍል ነው። በየ33 ቀኑ አንድ ትራንዚት ስላለ በዓመት የሚገኘው ዕድል ሦስት አካባቢ ነው፤ ለዚያም ከሌሎች ጥናቶች ጋር መሻማት አለ።

ከጥሬ መረጃ እስከ ጋዝ ስም

ከቴሌስኮፑ የሚወርደው ጥሬ ነገር የጋዝ ስም የለበትም፤ በመሣሪያው ነጥቦች ላይ ያረፈ ብርሃን ቆጠራ ነው። መጀመሪያ የመሣሪያው ጠባዮች ይታረማሉ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ የሞገድ ርዝመት ክፍል ብርሃኑ በትራንዚቱ ጊዜ ምን ያህል እንደቀነሰ ይሰላል። ከዚያ ስፔክትረሙ ይሠራል፣ በመጨረሻም ሞዴሎች ይገጠሙበታል። በየደረጃው ሰው መወሰን ያለበት ነገር አለ። የሚሪ መመርመሪያ ምልከታ ሲጀምር ቆጠራው ለጥቂት ጊዜ ይንሸራተታል፤ ያ መጀመሪያ ምን ያህሉ ተቆርጦ ይጣል? የቀረው መንሸራተት በቀጥታ መስመር ይታረም ወይስ በጎባጣ? የሞገድ ክፍሎቹ ስፋት ስንት ይሁን? የሚፈለገው ምልክት ከሚሊዮን ጥቂት አሥሮች ክፍል ሲሆን ከእነዚህ ምርጫዎች አንዱ ብቻውን የስፔክትረሙን ቅርጽ ሊለውጥ ይችላል። ለዚህ ነው ቡድኑ ራሱ መረጃውን በሁለት የተለያዩ ሶፍትዌሮች ያስኬደው፤ ሌሎችም በራሳቸው የሚደግሙት።

ኮከቡም ንጹሕ መብራት አይደለም። ቀይ ድንክ ከዋክብት እንደ ፀሐይ ጥቁር ነጠብጣቦች አሏቸው፤ በጣም ቀዝቃዛ በሆኑት ላይ ነጠብጣቦቹ ራሳቸው የውሃ ተን ይይዛሉ። ፕላኔቷ ነጠብጣብ በሌለበት በኩል ብታልፍ የኮከቡ ውሃ የፕላኔቷ ውሃ መስሎ ሊነበብ ይችላል።

የማስተካከያ ምርጫ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው የቬነስ ፎስፊን ጉዳይ ነው። በሴፕቴምበር 2020 በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲዋ ጄን ግሪቭስ የሚመራ ቡድን በቬነስ ደመና ውስጥ ከቢሊዮን 20 ክፍል የሚሆን ፎስፊን፣ ማለትም በምድር ላይ ከሕይወት ጋር የሚያያዝ ጋዝ፣ አገኘሁ አለ። መረጃው የመጣው በሃዋይና በቺሊ ካሉ ሁለት ቴሌስኮፖች ነው። ቬነስ በጣም ደማቅ ስለሆነች በስፔክትረሙ ላይ መሣሪያው የፈጠረው ማዕበል ነበር፤ ቡድኑ ይህን ለማስወገድ አሥራ ሁለት ዲግሪ ያለው ፖሊኖሚያል ገጠመበት። ይህን ያህል የሚተጣጠፍ መስመር ግን ማዕበሉን ሲያጠፋ በሚፈለገው ቦታ ላይ ጎድጓዳ ምልክት ሊፈጥር ይችላል። በኔዘርላንድስ ያሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ዘዴ በዚያው ስፔክትረም ሌሎች ቦታዎች ላይ ሲሞክሩት ጋዝ በሌለበትም መስመሮች ብቅ አሉ። በቺሊው አልማ ቴሌስኮፕ መረጃ ላይም የማስተካከያ ስህተት ተገኝቶ እንደገና ተሠራ፤ ቡድኑ ግምቱን ከቢሊዮን ከ1 እስከ 4 ክፍል ወደሚሆን መጠን አወረደ። የቀረውን ምልክት በሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚያብራሩም አሉ። ግሪቭስና ባልደረቦቻቸው ምልከታቸውን አላቋረጡም፤ ክርክሩም አልተዘጋም።

ጋዙ በእርግጥ ቢኖርስ?

አምስት ሲግማ ተደርሶ ተፎካካሪ ሞለኪውሎችም ተወገዱ እንበል። ያን ጊዜ የምናውቀው ጋዙ መኖሩን እንጂ ማን እንዳመነጨው አይደለም። ዳይሜቲል ሰልፋይድ የሕይወት አሻራ ሆኖ የታጨው በምድር ላይ ከሕይወት ውጭ ጉልህ ምንጭ የለውም ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በ2024 የታተመ ትንተና፣ የሮዜታ መንኮራኩር ከ2014 እስከ 2016 በቅርብ በተከታተለችው 67ፒ በተባለው ጅራታም ኮከብ ላይ ይህ ጋዝ መኖሩን አሳየ። በዚያው ዓመት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሕይወት በሌለበት የጋዝ ቅይጥ ላይ አልትራቫዮሌት ብርሃን በማብራት በቤተ ሙከራ ሠሩት። በጋላክሲያችን መሐል አካባቢ ባለ የጋዝና የአቧራ ደመና ውስጥም ተገኘ። እነዚህ ምንጮች በኬ2-18ቢ የተገመተውን ያህል መጠን ማምረት መቻላቸው አልታየም፤ የካምብሪጅ ቡድንም የሚሞግተው በዚህ ነው። ሙግቱ ክብደት አለው። ነገር ግን «ከሕይወት በስተቀር አይሠራውም» የሚለው አረፍተ ነገር ከእንግዲህ ሊባል አይችልም።

ፕላኔቷ ራሷ ምን እንደሆነችም ስምምነት የለም። ካምብሪጆች ሃይሴያን ይሏታል፦ በሃይድሮጅን የበለጸገ ስስ ከባቢ አየር ያላት፣ ከሥሩ ፈሳሽ ውቅያኖስ የተዘረጋባት ዓለም። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ያው ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባሕር በሌላት፣ እየጠለቁ ሲሄዱ ሙቀቷ በሚበረታ በጋዝ የተሞላች ፕላኔት ወይም ከሥሯ የቀለጠ አለት ባላት ዓለም ሊገኝ እንደሚችል አሳይተዋል። በ2025 የናሳው ሬንዩ ሁ የመሩት፣ ተጨማሪ ትራንዚቶችን ያካተተ ጥናት ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያለ ጥርጥር አረጋግጦ፣ ፕላኔቷ በውስጧ ብዙ ውሃ ሊኖራት እንደሚችል ደመደመ፤ ውሃው እንደ ባሕር ፈሳሽ ይሁን አይሁን ግን ክፍት ነው። የዳይሜቲል ሰልፋይድ አሳማኝ ምልክትም አላገኘም። ውቅያኖስ ከሌለ የፋይቶፕላንክተን ታሪክ ከመነሻው ይፈርሳል።

ዳሎል፦ ናሙናው እጅ ላይ እያለም

ርቀቱን ብቻ የችግሩ ምንጭ አድርጎ ማየት ያሳስታል። በአፋር፣ በደናክል ረባዳ ምድር የሚገኘው ዳሎል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎቹ እጅግ አሲዳማ፣ እጅግ ጨዋማ፣ አንዳንዶቹም እስከ መፍላት የሚደርሱ ስለሆኑ የሕይወት ወሰን የት ድረስ እንደሆነ ለማወቅ ከዓለም ዙሪያ ተመራማሪዎች ይመጡበታል። በ2019 በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ጥናቶች ታተሙ፤ መልሳቸው ተቃራኒ ነበር።

በስፔናዊው ፌሊፔ ጎሜዝ የተመራው ቡድን ሙቀቱ ወደ 90 ዲግሪ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 0.25 ከሆነ ቦታ በወሰደው ናሙና ውስጥ፣ በጨው ቅንጣቶች መካከል እጅግ ደቃቅ ክብ ሕዋሳትን አየሁ አለ። ከዘረመል ምርመራውም ጨው ወዳድ ከሆኑ የአርኬያ ዘመዶች ጋር አገናኛቸው። አርኬያ ከባክቴሪያ የተለዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው። በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያ የተመራው ሌላው ቡድን ደግሞ ከ2016 እስከ 2018 ከብዙ ቦታዎች ናሙና ሰብስቦ በበርካታ ዘዴዎች ፈተሸ፦ የዘረመል ንባብ፣ በቤተ ሙከራ ማራባት፣ ሕዋሳትን በሌዘር መቁጠር፣ የኬሚካል ይዘት ከሚለካ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጋር። በዙሪያው ባለው የጨው ሜዳ እጅግ ብዙ ዓይነት አርኬያ አገኘ። ከፍተኛው አሲድና ከፍተኛው ጨው በተገናኙባቸው ኩሬዎች፣ እንዲሁም በማግኒዥየም በተሞሉት ሐይቆች ውስጥ ግን ሕይወት አላገኘም። በማይክሮስኮፕ ሕዋስ የሚመስሉት ብዙ ክብ ቅንጣቶች ሲመረመሩ ሲሊካ ሆነው ተገኙ፤ ባዮሞርፍ ይባላሉ፣ ሕይወት የሌለው ማዕድን የሕዋስ መልክ ሲይዝ ማለት ነው። በጥቂቱ የታየውን ዘረመልም ከቤተ ሙከራ ኬሚካሎችና ከጎብኚዎች የመጣ ብክለት ነው ብለው ገመቱት።

ለዚህ ጽሑፍ ሁለተኛው ጥናት ይበልጥ ያሳምናል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዘዴ ብቻውን የሚሳሳትበት መንገድ ተለይቶ በሌላ ዘዴ ተፈትኗል። ቅርጽን የኬሚካል ይዘት ይፈትነዋል፤ ዘረመልን ምንም ናሙና ያልተጨመረበት ባዶ መቆጣጠሪያ ይፈትነዋል። ከ124 የብርሃን ዓመት ርቀት በእጃችን ያለው ስፔክትረም ብቻ ነው።

ማርስ፦ ያልታሰበው አማራጭ

በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት ሁለቱ የቫይኪንግ መንኮራኩሮች በአፈሩ ላይ ሬዲዮአክቲቭ ካርቦን ያለበት የምግብ ፈሳሽ አንጠባጠቡ። ተሕዋስያን ካሉ ምግቡን ተጠቅመው ሬዲዮአክቲቭ ጋዝ ያወጣሉ ተብሎ ታሰበ። ጋዙ ወጣ። አፈሩ ለሦስት ሰዓት እስከ 160 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ አልወጣም፤ አስቀድሞ በተቀመጠው መስፈርት ይህ የሕይወት ምልክት ነበር። ሌላው መሣሪያ ግን አፈሩን አሙቆ ሲመረምር ከክሎሪን ጋር የተያያዙ ቀላል የካርቦን ውሁዶችን ብቻ አገኘ፤ እነሱም ከምድር የሄዱ የጽዳት ኬሚካሎች ናቸው ተባለ። ካርቦናዊ ቁስ ከሌለ ሕይወት የለም ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ።

በ2008 የፊኒክስ መንኮራኩር በማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል ጨው አገኘች። ፐርክሎሬት ሲሞቅ ካርቦናዊ ቁስን ያቃጥላል፤ የሚተርፈውም እነዚያው ክሎሪናማ ውሁዶች ናቸው። የቫይኪንግ መሣሪያ የሚፈልገውን ቁስ በማሞቅ ራሱ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ይህ ሕይወት ነበረ አያሰኝም፤ ፐርክሎሬትና ተዛማጅ ኬሚካሎች የመጀመሪያውን ጋዝ ያለ ሕይወት ሊያወጡ ይችላሉና። ነገር ግን ለ32 ዓመት «የለም» የተባለው ማንም በዝርዝሩ ውስጥ ባላስገባው ጨው ምክንያት ነበር። የዚህ ዓይነቱን ጉድለት የትኛውም ሲግማ አይለካውም።

አሁን ያለው የማርስ ዜና ከዚህ ትምህርት የተቀዳ ጥንቃቄ ይታይበታል። የፐርሰቪራንስ መንኮራኩር በጁላይ 2024 የጠፈር አለት ግጭት በፈጠረው የጄዜሮ ጉድጓድ ያገኘችው ቼያቫ ፎልስ የተባለ አለት ነብር መሰል ነጠብጣቦች አሉት። በሴፕቴምበር 2025 የታተመው ጥናት በነጠብጣቦቹ ውስጥ ቪቪያናይትና ግሬጋይት የሚመስሉ የብረት ማዕድናት መኖራቸውን ዘገበ። በምድር ላይ እነዚህ ብዙ ጊዜ ተሕዋስያን ካርቦናዊ ቁስ ሲመገቡ ይፈጠራሉ። ያለ ሕይወትም ይፈጠራሉ፤ ግን ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋሉ፣ አለቱ ደግሞ እንደዚያ የሞቀ አይመስልም። ተመራማሪዎቹ «ሊሆን የሚችል የሕይወት አሻራ» ብለው አቆሙ። ለመወሰን ናሙናው ወደ ምድር ቤተ ሙከራ መምጣት አለበት፤ ናሳ በኤፕሪል 2024 የመመለሻው ወጪ እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር፣ ጊዜውም እስከ 2040 ሊደርስ እንደሚችል አስታውቆ ነበር።

መሰላሉና ተቺዎቹ

እንዲህ ያለውን ግራ መጋባት ለመቀነስ በ2021 የናሳ ዋና ሳይንቲስት የነበሩት ጄምስ ግሪንና ባልደረቦቻቸው ሰባት ደረጃ ያለው መለኪያ አቀረቡ። የመጀመሪያው ምልክት ማግኘት ነው፤ ሁለተኛው ብክለትን ማስወገድ፤ አራተኛው ላይ የታወቁ ሕይወት አልባ ምንጮች ሁሉ ይገለላሉ፤ ሰባተኛው ነጻ በሆኑ ተከታይ ምልከታዎች የሚረጋገጥ ነው። በዚህ መሰላል የኬ2-18ቢ ዳይሜቲል ሰልፋይድ የመጀመሪያውን ደረጃ ገና አልጨረሰም። አንድ ዘጋቢ ይህን ብቻ ቢጽፍ አብዛኛው ግርታ በተቃለለ ነበር።

መሰላሉን የሚነቅፉም አሉ። የደርሃም ዩኒቨርሲቲው ፈላስፋ ፒተር ቪከርስና ባልደረቦቹ፣ «የታወቁ ምንጮች ሁሉ ተወገዱ» ማለት ያልታወቁት ምን ያህል እንደሆኑ አይነግረንም ይላሉ፤ የቫይኪንግ ታሪክ ይደግፋቸዋል። ሌላው ክርክር የዜናው ጊዜ ነው። አንድ ወገን በሦስት ሲግማ ላይ ለዓለም መግለጫ መስጠት ሕዝቡ በሳይንስ ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል ይላል። ሌላው ደግሞ መረጃው በፍጥነት ይፋ በመሆኑ ተቺዎች በሳምንታት ውስጥ ሊፈትኑት ቻሉ ይላል። ጥናቱን ማተም ተገቢ ነበር፤ ሁለተኛው ወገን በዚህ ልክ ነው። የመግለጫው አጽንዖት ግን ከመረጃው ቀድሞ ሄዷል።

«አላገኘንም» ማለትስ?

ከዚህ በኋላ የሚመጡት ቴሌስኮፖች ምናልባት ብዙ ጊዜ የሚሰጡን መልስ «ምንም አልታየም» የሚል ነው፤ እሱም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ናሳ ለ2040ዎቹ የሚያስበው የሃቢተብል ዎርልድስ ኦብዘርቫቶሪ 25 ያህል ለሕይወት ምቹ ሊሆኑ የሚችሉ ፕላኔቶችን ለመመርመር ታቅዷል። ሃያ አምስቱም ታይተው በአንዱም ላይ ምልክት ቢጠፋ፣ ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ «ሕይወት የለም» አይደለም። ምርመራው ሕይወት ባለበት ሁሉ ሳይስት ያገኝ ነበር ብንል እንኳ፣ በ95 በመቶ መተማመኛ ማለት የሚቻለው እንዲህ ካሉ ፕላኔቶች ሕይወት ያለባቸው ከ11 በመቶ አይበልጡም የሚል ብቻ ነው። ቴሌስኮፑ ሕይወት ካለባቸው ግማሹን ብቻ የሚለይ ከሆነ ጣሪያው ወደ 23 በመቶ ይወጣል። የመለየት ብቃቱ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሕይወት በሌላ ዓለም ምን ዓይነት ጋዝ በምን መጠን እንደሚያወጣ መገመት ያስፈልጋል። ምድር ራሷ ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት በፊት ሕይወት እያላት በአየሯ ውስጥ ጉልህ ኦክስጅን አልነበራትም፤ በዚያ ዘመን ከሩቅ ኦክስጅን ብቻ እየፈለገ ያያት መሣሪያ ባዶ ናት ብሎ ይመዘግባት ነበር።